በዝናብ ለሚለቀም ቡና የተነደፈ ጣቢያ

ሥራ የጀመርኩት መንግሥት በተለወጠ በሦስተኛው ዓመት፣ ሚዛን ተፈሪ ነው። አለቃዬ አቶ ደምሴ የዲዛይን ክፍሉ በር ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «እኛ የጠየቅነው ድራፍትስማን ነበር» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«ሴት መሆንሽን ማንም አልነገረኝም።»

«እኔም እርስዎ ወንድ መሆንዎን የነገረኝ የለም፤ ግን አልደነገጥኩም።»

ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት ባልደረቦች ሳቃቸውን ለመደበቅ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፉ። አቶ ደምሴ ግን ቂም የሚይዙ ሰው አልነበሩም። በመስኮቱ በኩል ያለውን፣ ድራፍትስማን ፕላን የሚስልበትን ጠረጴዛ አሳዩኝና፣ «እጅሽ የምላስሽን ያህል ከሠራ እንስማማለን» ብለውኝ ሄዱ። እንግዲህ ዘይነባ ማለት ይቺ ነኝ። አባቴ ከጅማ መጥቶ ሚዛን ገበያ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ «ይቺን ልጅ ዝም የሚያሰኝ ባል ከየት አገኛለሁ?» እያለ ነው ያሳደገኝ።

መሥሪያ ቤታችን የዞኑን ትምህርት ቤት፣ ጤና ኬላ፣ መጋዘንና የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይነድፋል። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ገና ክፍላችን አልደረሰም። በእርሳስ ያሰመርነውን ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ወረቀት ላይ በቀለም ብዕር እንገለብጣለን። የተሳሳተ መስመር በምላጭ ተፍቆ ነው የሚነሳው፤ መፋቁ ከበዛ ወረቀቱ ይቀደድና የሰነበትክበትን ሥራ ውሃ ይበላዋል። በሚዛን ክረምት ደግሞ ወረቀቱ ራሱ እርጥበት ጠጥቶ ይነፋል። ጠዋት ያሰመርኩት ከሰዓት በኋላ ካሰመርኩት ጋር አልገጥም እያለ ስንት ጊዜ ደሜን አፍልቶታል!

በዚያው በመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ሥራ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሥዕል መገልበጥ ነበር። ከላይ የተላከ ስታንዳርድ ዲዛይን ነው። ለየትኛውም ወረዳ ይሆናል፤ እኛ የምንለውጠው ጥጉ ላይ ያለውን የቦታ ስም ብቻ ነው።

«ቦታው ምን ይመስላል?» ብዬ ጠየቅሁ።

አቶ ደምሴ ቀና ሳይሉ፣ «ቦታው እዚሁ ወረቀቱ ላይ ነው» አሉኝ። የመጀመሪያ ቀኔ ስለሆነ ብዕሬን አነሳሁ።

ሥራውን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። እሸት ቡና ሲቀላ ይለቀማል። በዚያው ቀን ቅርፊቱ በማሽን ይፈለፈላል። ፍሬው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ዝልግልጉ እስኪለቅ ይብላላል፤ ከዚያ በቦይ ውስጥ በንጹህ ውሃ ይታጠባል። ታጥቦ ሲያበቃ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከነዚህ አንዱ ላይ ከተሰናከለ ቡናው ይሸታል፣ ይሻግታል፣ ገዢ ፊቱን ያዞርበታል። ጣቢያ የሌለው ገበሬ ቡናውን ከነቅርፊቱ አድርቆ ጀንፈል አድርጎ ይሸጣል፤ ነጋዴው የሰጠውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ዓመታት አለፉ። ከረዳት ድራፍትስማን ወደ ድራፍትስማን፣ ከዚያም እየተማርኩ ወደ ዲዛይነርነት አደግሁ። አሁን የሌላ ሰው ሥዕል መገልበጥ ቀርቶ የራሴን መንደፍ ጀመርኩ። ይኸኔ ነው የክፍላችን ልማድ ይከነክነኝ የጀመረው።

ልማዱ ይህ ነበር። የቦታ ጥናት የምንወጣው በበጋ ብቻ ነው። በክረምት መኪናችን ከሸኮ ወዲያ ጭቃ ውስጥ ተዘፍቃ ትቀራለች፤ ከጥር ወዲህ ግን ሽው ትላለች። ስለዚህ የምናየው ወንዝ ሁልጊዜ ኩልል ያለ፣ መሬቱ ደረቅ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። የእኛ የቆላው ቡና ደግሞ መለቀም የሚጀምረው ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ ነው! ስታንዳርድ ዲዛይኑ የተሠራው ቡና ዝናብ ካቆመ በኋላ ለሚደርስበት አገር ነው። የላኩልን ሰዎች ይህን አላወቁም፤ የምናውቀው እኛ ደግሞ በበጋ እየሄድን፣ ሜትራችንን ዘርግተን፣ በበጋ ያየነውን አገር ይዘን እንመለሳለን።

ከሸኮ ወደ ቴፒ ቁልቁል ሲወረድ አንዲት ቀበሌ ውስጥ በዚያ ዲዛይን የተሠራ ጣቢያ ነበር። ሲያዩት ያምራል። ሁለት ትልልቅ ገንዳዎች፣ በረንዳ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቢሮ፣ የጥበቃ ቤት፣ ሰማይ የሚያዩ ረጃጅም አልጋዎች። የመጀመሪያው ዓመት ቡና አልጋው ላይ እንዳለ ዝናብ ወርዶበት ሻገተ። የተረፈውን የደፈረሰ የወንዝ ውሃ አበላሸው። በሁለተኛው ዓመት እሸት ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አልጋው ሥር የሚጠለሉት የሰፈሩ ፍየሎች ሆኑ፤ ፍየሎቹ እንኳ ይረጥቡ ነበር።

አንድ ቀን የጎረቤቱ ቀበሌ የቡና ማኅበር ሊቀመንበር ቢሮዬ ገቡ። አቶ ያዕቆብ ይባላሉ። አፋቸውን የፈቱት በሸኮ ቋንቋ ነው፤ አማርኛቸው ዝግ ያለ፣ እያንዳንዱን ቃል አይተው የሚያስቀምጡት ዓይነት ነው። ጣቢያ ተፈቅዶላቸዋል፣ በጀቱም ተይዟል። ደስ ብሏቸው ሊሆን ይገባ ነበር፤ ፊታቸው ግን ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ፊት ነው።

«እህቴ» አሉኝ፣ «እንደ ጎረቤቶቻችን ዓይነት ከሆነ ይቅርብን።»

«ታዲያ ምን ዓይነት ትፈልጋላችሁ?»

«ዝናብ የሚያውቅ።»

ቀጥለው ነገሩን ዘረገፉልኝ። አባላቱ እሺ ያሉት ለአንድ ምርት ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ቡና ከተበላሸ ማኅበሩ ይፈርሳል፤ ሁሉም ወደ ጀንፈሉ ይመለሳል። ለጣቢያው መሬት የሰጡት ራሳቸው አቶ ያዕቆብ ናቸው። «የእናቴ እንሰት የነበረበትን ነው የነቀልኩት» አሉ፣ «ስትንከባከበው የኖረችው ባለቤቴ አስቴር እስካሁን በደንብ አታናግረኝም።» እንዲህ ዓይነት ሰው ፊቴ ተቀምጦ ስታንዳርድ ዲዛይን ልገለብጥለት ነው? ወላሂ አላደርገውም አልኩ።

መጀመሪያ የፈለግሁት አንድ ቁጥር ነበር፦ ለቀማው በሚበረታበት ሰሞን በቀን ስንት እሸት ይመጣል? ገንዳው፣ ቦዩ፣ አልጋው ሁሉ የሚለካው በዚያ ነው። የወረዳው ባለሙያ የሰጠኝ ቁጥር ለሪፖርት የተባለ ነው፤ ያን ያህል ቡና ቢኖር ቅርንጫፉ ሁሉ ተሰብሮ ባለቀ ነበር። ገበሬዎቹ ደግሞ ግብር ይመጣብናል ብለው ቀንሰው ነገሩኝ፤ ያን ያህል ብቻ ከሆነ ጣቢያ ምን ያደርግላቸዋል? ቴፒ ወርጄ ጀንፈል የሚገዙትን ነጋዴዎች ጠየቅሁ፤ የእነሱ ከሁለቱም አይገጥምም። ትልቁን ብይዝ ገንዳው ባዶውን ይቀራል፣ ትንሹን ብይዝ ቡናው ሜዳ ላይ ይፈሳል።

አቶ ደምሴ ዘንድ ገባሁ። «መስከረም ላይ ቦታው ድረስ ልሂድ» አልኳቸው።

«በመስከረም? መኪናዋ አትገባም።»

«እሸቱ በመስከረም በሰው ጀርባ ይወጣ የለም እንዴ? እኔም በእግሬ እገባለሁ።»

«ለመስክ የተያዘው ጊዜ በጥር ነው፣ ዘይነባ።»

«ቡናው ይህን አልሰማማ!»

ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እሺም እንቢም አላሉም፤ እኔም እንደ እሺ ቆጠርኩት። እስከ ሸኮ በጭነት መኪና፣ ከዚያ ወዲያ በእግሬ ወረድኩ። ሁለቴ ተንሸራትቼ በጭቃ ተለውሼ ስደርስ የአቶ ያዕቆብ ባለቤት አስቴር አይታኝ ሳቋ መጣ። ውሃ አሙቃ፣ የራሷን ቀሚስ አልብሳ፣ እሳት ዳር አስቀመጠችኝ። እንሰቷ የተነቀለው እኔ ለምነድፈው ጣቢያ እንደሆነ ታውቃለች፤ እንዲያም ሆኖ ፊቷን አላጠቆረችብኝም።

በማግስቱ ያየሁት ወንዝ በበጋው ሥዕል ላይ ያለው ወንዝ አይደለም። እንደ ሸክላ ጭቃ ቀልቶ ነው የሚወርደው፤ በዚህ ውሃ ቡና ማጠብ ቡናውን አፈር ማልበስ ነው። አልጋ ይተከልበታል የተባለው ዳገት ጫፉ ተንዷል። ሰማዩም መላ የለውም፤ አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር ጥርት ብሎ ከሰዓት በኋላ ያወርደዋል፣ አንዳንዱን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያካፋ ይውላል። ዝናቡ መቼ እንደሚያቆም ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አንዱ መስቀል አለኝ፣ ሌላው ጥቅምት አጋማሽ፣ ሌላው ደግሞ እንደ ዓመቱ ነው አለ። ቆሽቴ አረረ።

«በእናታችሁ አንድ ቁርጥ ያለ ነገር የሚነግረኝ ሰው የለም?» ብዬ ጮህኩ።

አቶ ያዕቆብ ከት ብለው ሳቁ። «እህቴ፣ ዝናቡ መጥቶ እንዲፈርምልሽ ነው የምትፈልጊው?»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ኋላ ግን የመልስ መንገዱን እየወጣሁ ሳስበው የምሠራው ነገር ገባኝ። እስከዚያ ድረስ እውነተኛውን ቁጥር እያሳደድኩ ነበር። እውነተኛ ቁጥር የለም። የሰጡኝ ሁሉ በአንዳንድ ዓመት ልክ፣ በአንዳንድ ዓመት ስሕተት ናቸው። ስለዚህ ጥያቄዬን ቀየርኩ። ልኩ ስንት ነው ማለቱን ትቼ፣ ከተሳሳትኩ ምን ይሆናል? ማን ይጎዳል? ለማረምስ ምን ያህል ይከብዳል? ማለት ጀመርኩ።

ከዚያ በኋላ እጄ ፈጠነ። ሁለቱን ትልልቅ ገንዳዎች ሰርዤ ብዙ ትንንሽ አደረግኋቸው፤ እያንዳንዱ የራሱ መዝጊያና የራሱ መሠረት አለው። እሸት ሲያንስ ሁለቱ ብቻ ይሠራሉ፣ ሲበዛ ሁሉም ይከፈታሉ። የወንዙ ውሃ በቀጥታ ወደ ቦዩ እንዳይገባ ጭቃው የሚዘቅጥበት ማጥለያ አስቀደምኩለት። አልጋዎቹን ከተናደው ዳገት አርቄ ከፊሉን ጣሪያ አለበስኩ። ለተቀሩት ጣሪያ የሚበቃ በጀት የለም፤ ግን ቋሚያቸውን ረጅምና ወፍራም አድርጌ፣ አንድ ቀን ጣሪያ ቢመጣ የሚሸከም አደረግሁት። ለዚህ ሁሉ የሚሆነውን ያገኘሁት ቢሮውን ከነበረንዳው፣ የጥበቃ ቤቱንም ጨምሬ በምላጭ ፍቄ በማውጣት ነው።

አቶ ደምሴ ሥዕሉን ዘርግተው ለረጅም ጊዜ ፈለጉ።

«ቢሮው የት ሄደ?»

«ጣሪያ ሆነ።»

«ጸሐፊው የት ሊቀመጥ ነው?»

«ደህና ቡና ከኖረ ጸሐፊው መቀመጫ አያጣም። ቡና ከሌለ ደግሞ ምን ሊጽፍ?»

«ባለሥልጣን ሲመጣስ? ጣቢያው የት ይመረቃል? ጉድ ልታፈይብኝ ነው አንቺ ልጅ!»

ሥዕሉ ከስታንዳርድ ስለወጣ ከክልል ገምጋሚ መጣ። ኢንጂነር ሰለሞን የሚባል፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሊጥለው የመጣ መስሎኝ ጥፍሬን አሹዬ ጠበቅሁት። እሱ ግን ሥዕሉን ከዳር እስከ ዳር አነበበና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «እትዬ ዘይነባ፣ ጣሪያ ያለው አልጋ ሞላ እንበል። ዝናቡም አላባራም። ገንዳ ውስጥ ያለው ቡና ደግሞ ታጥቦ መውጣት አለበት፤ ካልወጣ ይበላሻል። ወጥቶ የት ይጠብቃል?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኔ አየ፣ አቶ ደምሴም ጭምር። አፌን ከፍቼ አንዳች ነገር ልቀባጥር ነበር፤ ተውኩት።

«አላውቅም» አልኩ።

«እኔም አላውቅም» አለ ሰለሞን። «እስኪ እንፈልገው።»

ጠመኔ አንስቶ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ቆመ፤ እኔም ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩ። እሱ ሲስል እኔ ሳጠፋ፣ እኔ ስስል እሱ ሲያጠፋ ምሳ ሰዓት አለፈ። የታጠበ ቡና ንጹህ ውሃ ውስጥ ከተዘፈቀና ውሃው ቶሎ ቶሎ ከተቀየረለት ጥቂት ቀን ይታገሣል። ስታንዳርዱ ላይ ለዚህ የሚሆን አንድ ትንሽ ማቆያ ገንዳ ነበረች፣ ማንም ልብ ያላላት። እሷን አተለቅናት፤ ንጹህ ውሃ ከማጥለያው በራሱ እየፈሰሰ እንዲገባባት ቦይ ሰጠናት። ዝናቡ መቼ እንደሚያቆም አሁንም አናውቅም፤ ቡናው ግን የሚጠብቅበት ቦታ አገኘ። ያ ጥያቄ ባይመጣ ኖሮ ጉዴ ነበር።

ሰለሞን «ተመርምሯል» የሚለው ላይ ፈረመ። አቶ ደምሴ ግን ከመፈረማቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ። «ዘይነባ፣ የመጀመሪያው ምርት ከተበላሸ ወደ ገልባጭነት ትመለሻለሽ። እኔም ላድንሽ አልችልም፤ ያኔ ሁሉም ስታንዳርዱን ለምን ተዋችሁ ነው የሚለን።»

«እሺ» አልኩ።

«እሺ ብቻ? ዛሬ ምላስሽ የት ገባ?»

«ፈርቻለሁ፣ አቶ ደምሴ።»

ያኔ ፈረሙ።

ግንባታው በበጋ ተጀመረ። ገንዳ እየተቆፈረ ሳለ አንደኛው ጉድጓድ ውስጥ ቤት የሚያክል አለት ብቅ አለ። ግንበኛው መዶሻውን ጥሎ፣ «ሥዕሉ እስኪቀየር ሥራ ይቁም» አለ። በድሮው ዲዛይን ቢሆን እውነቱን ነው፤ አንዱ ትልቅ ገንዳ ሲነካ ሁሉም ይናጋል። እዚህ ግን ገንዳዎቹ እጅ ለእጅ የተያያዙ አይደሉም። ያቺን አንዷን ወደ ማዶ ጥግ አዛወርናትና ሥራው ቀጠለ። ግንበኛው፣ «ይኼማ እንደ ቤት ዕቃ የሚገፋ ጣቢያ ነው» አለኝ። ስድብ ይሁን ሙገሳ ሳላጣራ አመሰገንኩት።

ምረቃው ነሐሴ ላይ ሆነ። የዞኑ አስተዳዳሪ ከነተከታዮቻቸው መጥተው ቢሮ ቢፈልጉ የለም። ወንበር ሜዳው ላይ ተደረደረ። ንግግራቸውን ከመጀመራቸው ዝናቡ ዶፉን አወረደው፤ ባለሥልጣኑም፣ ገበሬውም፣ መዘምራኑም ተሯሩጠው ጣሪያ ያላቸው አልጋዎች መካከል ተጠጋጉ። አስተዳዳሪው በሁለት አልጋ መሐል ቆመው ንግግራቸውን ጨረሱ። አቶ ደምሴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና፣ «ይኸው ተመረቀልሽ» አሉኝ።

ለቀማው ሲጀመር የመጣው እሸት ጥቂት ነበር። ሁለት ገንዳ ብቻ ከፍተን ሠራን። መንገደኛው ሁሉ ባዶዎቹን ገንዳዎች እያየ፣ «ለዚህ ነው ይህ ሁሉ ድንጋይ?» ይል ነበር። አቶ ያዕቆብ ጭንቅ ይዟቸው ከማሽኑ አጠገብ አይጠፉም። እኔም እንደዚያው፤ አዲስ ጣቢያ ሥራ እስኪለምድ ነዳፊው አብሮ መቆየት አለበት ብዬ ስለነበር እነሱ ቤት ከርሜያለሁ።

ከዚያ ቡናው በአንድ ጊዜ ቀላ። የአባላቱ እሸት ከነገሩኝ በላይ ሆነ። ይባስ ብሎ አንድ ቀን ከሰዓት በፊት በቁልቁለቱ በኩል ሌላ ሰልፍ መጣ፤ ያ ጣቢያቸው የከሸፈባቸው ጎረቤቶች ናቸው። ሴቱም ወንዱም እሸት ተሸክመው በራችን ላይ ቆሙ። ይህን ማንም አልጠበቀውም፤ የወረዳው ሪፖርት እንኳ አልደረሰበትም። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል።

አቶ ያዕቆብ ወደ እኔ መጡ። «እንቀበል ወይስ እንመልስ? ከተቀበልንና ከተበላሸ የእኛም አብሮ ይበላሻል። ማኅበሩ አለቀለት ማለት ነው።»

ገንዳዎቹን ዞሬ አየሁ። ጥግ ያሉት፣ አለቱ ያስነሳትን ጨምሮ፣ ባዶ ናቸው። ማቆያው ገና አልተነካም።

«ተቀበሉ» አልኳቸው። «የእነሱን ለብቻው ገንዳ ውስጥ አስገቡት። ቢበላሽ እንኳ የናንተን አይነካም።»

ማሽኑ እስከ ምሽት አላረፈም። ዝናቡም አላረፈም። በማግስቱም ወረደ፣ በሳልስቱም ወረደ። የተብላላው ታጠበ፤ ጣሪያ ያለው አልጋ ሞላ፤ የተረፈው ማቆያው ውስጥ ገባ፤ ማቆያውም እስከ አፉ ደረሰ። አልጋ ላይ የሚሰጡትን ሴቶች የምትመራው አስቴር ነበረች። በየጊዜው ከማቆያው እፍኝ እየዘገነች ታሸትታለች። እኔ እሷን አያለሁ፤ እሷ ወደ ውሃው መልሳው ሌላ ትዘግናለች።

«ምነው? ተናገሪ እንጂ!» አልኳት በመጨረሻ።

«ምንም አይሸትም» አለች። «ግን ነገ የሚገባው የት ሊሆን ነው?»

ወደ ክፍቶቹ አልጋዎች ዞርኩ። ቋሚዎቹ ረጃጅም ሆነው ቆመዋል። በጀት ሲመጣ ቆርቆሮ ይለብሳሉ ያልኳቸው ናቸው፤ ግን ቆርቆሮ ብቻ ነው ያለው ማነው? «አቶ ያዕቆብ፣ ሳርና ፕላስቲክ ያለው ሰው ሁሉ ይምጣ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ደግሞ በሸኮ ቋንቋ ወደ ማዶ ተጣሩ። ምን እንዳሉ አላውቅም፤ የመጣውን ሰው ግን አየሁት። አባሉም፣ ጎረቤቱም ሳር ተሸክሞ፣ አጠና ተሸክሞ፣ ከቤቱ ጓሮ ፕላስቲክ አውርዶ መጣ። ቤት መክደን የማያውቅ ወንድ በዚያ አገር የለም። ቋሚው ሸክሙን ቻለ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አልጋዎቹ በሙሉ ጣሪያ ለበሱ፤ የእኔ ንድፍ ላይ የሌለ፣ ቢሆንም ልክ በልኩ የገባ የሳር ጣሪያ!

ቡናው በየአልጋው ተበተነ፣ ተገላበጠ፣ ነፋስ አገኘ። ማቆያው ቦታ ለቀቀ። ዝናቡ ሲያባራ፣ ያ የናፈቅነው ፀሐይ ብቅ ሲል፣ ጣሪያውን ከፀሐዩ በኩል ገለጥ አድርገን ቀሪውን አደረቅነው። አልሐምዱሊላህ! አንድም ገንዳ አልተደፋም። አንድም አልጋ አልሻገተም።

ናሙናው ለምርመራ ሄዶ ውጤቱ ሲመለስ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠርቶ ነበር። ቡናው ንጹህ ነው፣ መጥፎ ሽታ የለበትም፣ ደረጃውም የሚያኮራ ነው ተባለ። አቶ ያዕቆብ ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ፣ «እሺ ያላችሁኝ ለአንድ ምርት ነበር። ምርቱ አልቋል። ይቀጥል የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አሉ። እጅ እንደ ጫካ ተነሳ። ጎረቤቶቹም ከኋላ ቆመው እጃቸውን አወጡ። አባል እንዳልሆኑ የሚነግራቸው ሰው ጠፋ፤ አቶ ያዕቆብም ቆጠሯቸው። አስቴር ሁለት እጇን አውጥታ ነበር፤ ባሏ አንዱን አውርጂ ቢሏት፣ «አንዱ ለእንሰቴ ነው» አለች። አገሩ በሳቅ አለቀ። እኔ ሳቄም ዕንባዬም አንድ ላይ መጣ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አቶ ደምሴ በሚቀጥለው መስከረም ራሳቸው ሊያዩት መጡ። መኪናዋ ሸኮ ቀርታ፣ እሳቸው በጭቃው ወርደው፣ አንድ እግር ጫማቸውን መንገድ ላይ ጥለው ደረሱ። ጣቢያውን ዞረው አዩና፣ «ከእንግዲህ የቡና ጣቢያ ጥናት በለቀማው ወቅት ነው» ብለው እዚያው አዘዙ። ከዚያም ባዶ እግራቸውን እያዩ፣ «አንቺ ግን ጫማዬን ትተኪያለሽ» አሉኝ። በዓመቱ የዲዛይን ቡድን መሪ ሆንኩ። ከዚያ ጣቢያ በኋላ በሼይ ቤንችም፣ በማሻ በኩልም የሠራናቸው ሁሉ በዝናብ የተጠኑ ናቸው።

ጡረታ ልወጣ ስል ለመጨረሻ ጊዜ ጣቢያውን አየሁት። ሁለት ገንዳ ጨምረዋል። ማጥለያውን አስፍተውታል። ቆርቆሮው ሁሉንም አልጋ አልብሷል፤ ባንዱ በኩል ቢሮም ሠርተዋል። ከእኔ ሥዕል ጋር ቢያስተያዩት ግማሹ አይመሳሰልም። አቶ ያዕቆብ የተቀየምኩ መስሏቸው፣ «እህቴ፣ አበላሸንብሽ እንዴ?» አሉኝ። እኔ ግን በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

አሁን ክፍላችን ውስጥ ያሉት ወጣቶች በኮምፒውተር ይነድፋሉ፤ መስመራቸው ከእኔ በብዙ ይቀናል። አንዳንዴ እየመጡ ምክር ይጠይቁኛል። የምላቸው ይህን ነው፦ የማታውቁትን ነገር በአንድ ቁጥር አትሸፍኑት። ሥራው የሚሠራበትን ወቅት ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ። መሳሳታችሁ አይቀርም፤ ስለዚህ ስትሳሳቱ ሰዎቹ ራሳቸው ሊያርሙት የሚችሉትን ንደፉ።